ጭራ የሌላት ፋይል

ሠናይት ወደ ቢሯችን የመጣችው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ደረጃ ስትወጣ ግን መሃል ላይ ቆም ብላ ወገቧን ትይዛለች። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታለች። ስትመለስ ያቋረጠችውን የኮምፒውተር ትምህርት በአሥር ዓመት ከሚያንሷት ልጆች ጋር ተቀምጣ ጨረሰች። ስለ ኩዌት ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ መብራት ጠፍቶ በመስኮት ወደ ገበያው እያየን ሳለ፣ «እዚያ በደንብ የተማርኩት ቆሞ መተኛት ነው» አለችኝ፤ ስቄ ዞር ስል እሷ አልሳቀችም።

እኔ ፋንታው እባላለሁ። በዚያ ቢሮ አታሚ ነበርኩ። ድርጅቱ ዛሬ የለም፤ ስሙንም መጥራት አያስፈልግም። ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ፣ ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይሠራ የነበረ የግል ድርጅት ነው። ሥራችን ከገጠር የሚመጣ የመሬት ልኬት ተቀብለን ወደ ኮምፒውተር ማስገባትና ለባለ መሬቱ የሚሰጠውን የይዞታ ወረቀት ማተም ነበር። ወረቀቱ ላይ የባለ ይዞታው ስም አለ፣ የማሳው ስፋት አለ፣ ከዚያ በታች አዋሳኞቹ አሉ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። ለገበሬው ትልቁ ነገር ያ ነው። ስፋቱ ትንሽ ቢዛባ ይታገሣል፤ አዋሳኙ ከተዛባ ግን ከጎረቤቱ ጋር አይተኛም።

ይህን ሁሉ የሚያትመውን ፕሮግራም ይሻው የሚባል ሰው ብቻውን ሰባት ዓመት ሙሉ ጽፎታል። ሠናይት ስትቀጠር ይሻው ከወጣ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ዓይኑን ታሞ፣ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ጉና ግርጌ ተመልሷል ተባለ። ለእሷ የተረፋት አንድ ኮምፒውተርና ዘጠኝ መቶ የሚያህል ፋይል የታጨቀበት ፎልደር ነው። ማብራሪያ የለም። ያስረከባትም የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ፎልደሩን እየከፈተች ስትዘጋ አይቻት፣ «እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የሰው ቤት ነው» አለች። «የትኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ የሆነ ቤት።»

እንደዚያም ሆና ሁለት ዓመት ከምናምን ሠራችበት። የተበላሸ ሲመጣ የተበላሸውን ብቻ ትጠግናለች፤ ሌላውን አትነካም።

በ2011 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እማማ ፈንታነሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ከጉና ሥር ድንጋይ በር ከሚባል ቀበሌ ነው የሚመጡት። እስከ መኪና መንገዱ አራት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ባላቸው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ነጠላቸው ላይ የመንገድ አቧራ እንዳለ፣ ወረቀቱን ከፌስታል ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ሁለት ጊዜ አትሜ የሰጠኋቸው ወረቀት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው።

«ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችል። ያነበቡልኝ ሰዎች ግን አሁንም ጌጡን በምሥራቅ አድርጎታል ይላሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ ፈንታነሽ ማሳ በምሥራቅ ወንዝ ያዋስነዋል፣ በምዕራብ ደግሞ የጌጡ መሬት። ወረቀቱ የሚለው ግን በምሥራቅ ጌጡ፣ በምዕራብ ወንዝ ነው። ጌጡ ይህን ሲሰማ የወንዙን ዳር፣ ሁልጊዜ እርጥበት የማይለየውን፣ ለድንች የሚሆነውን ጥሩውን ቁራጭ አርሶ ያዘው። «ወረቀቱ በምሥራቅ ያለው ጌጡ ነው ብሏል፤ እንግዲህ የምሥራቁ ዳር የእኔ ነው» አለ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴም በወረቀትና በምስክር መካከል ቆሞ ግራ ገባው፤ ለሰኔ ሚካኤል ማግስት ቀጠሮ ሰጠ።

እኔ መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። መዝገቡ ላይ ምሥራቅ ወንዝ፣ ምዕራብ ጌጡ ይላል። ትክክል ነው። ሳትመው ግን ይገለበጣል። ባለፉት ሁለት ጊዜያት መዝገቡን ብቻ አይቼ «ትክክል ነው፣ እማማ» ብዬ ነበር የሸኘኋቸው። የወጣውን ወረቀት አላነበብኩትም። 

ሠናይት ከወዲያኛው ክፍል መጥታ ቆማ ስታዳምጥ ቆየች። ወንበር ስባ፣ «ይቀመጡ እማማ፤ ውኃ ላምጣልዎት?» አለቻቸው።

«ውኃስ ጠጥቻለሁ። ይልቅ ይኸ ነገር የሚያልቀው መቼ ነው? አንቺ ነሽ የምታስተካክይው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ እግሬ ነው የሚያዝነው እንጂ እኔ አላዝንብሽም» አሉ፤ ተነሥተውም ሄዱ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ሙላቴ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁሉም ነገር ቶሎ እንዲያልፍ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ሲነገራቸው ምንም አላሰቡም። «መዝገቡ ላይ ገልብጠሽ አስገቢላቸው። ሲታተም ተመልሶ ይገለበጥና ትክክል ይወጣል። አለቀ።»

«መዝገቡን አበላሽቼ ወረቀቱን አላስተካክልም» አለች ሠናይት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ነገ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ሲያስተካክለው እኒህ ሴትዮ እንደገና ይገለበጣሉ። ደግሞም እሳቸው ብቻ ናቸው ያለን ማን ነው?»

አቶ ሙላቴ እጃቸውን አወናጨፉና፣ «እንግዲህ እንደ ፈለግሽ» ብለው ወጡ።

የኮድ ፋይሎችን እያነበበ ማውጫ የሚያወጣ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሠናይት «ታጉ» ትለዋለች። እያንዳንዱ የፕሮግራም ቁራጭ ስም አለው፤ ታጉ ያንን ስም፣ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር ላይ እንደ ተጻፈ ይዘረዝራል። የምትፈልገውን ስም ካላወቅህ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ታነባለህ። እሷም እንደዚያ አደረገች። ምሥራቅን ከምዕራብ የሚገለብጥ ቁራጭ ፍለጋ ዝርዝሩን በወረቀት አሳትማ፣ በእርሳስ እየሰረዘች ሦስት ሳምንት አነበበች። ጠዋት መብራት ይኖራል፣ ከሰዓት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ያኔ ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ታች ጎማ ጠጋኙ ጎማ ሲመታ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

አልተገኘም። «የሚገለብጥ ነገር የለም» አለችኝ አንድ ቀን። «በዚህ ዝርዝር መሠረት ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ነው የሚገለበጠው።»

ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራዋን እንደያዘች፣ እኔ ምንም ሳላስብ፣ «ዝርዝሩ ስንት ፋይል ነው ያነበበው?» አልኳት። ለምን እንደ ጠየቅሁ አላውቅም። ዝም ብዬ ለወሬ ነው።

እጇን ታጥባ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ የታመመ ሰው መስሏል። «አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለች። «ፎልደሩ ውስጥ ያለው ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት ነው። ከግማሽ በላዩን አላየውም። አላየሁትም እንኳ አላለም፤ ዝም ብሎ ዘሎት አለፈ።»

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ ከነጥብ በኋላ የሚከተል አጭር ጭራ አለው። ታጉ ፋይሉ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ የሚያውቀው በጭራው ነው። የሚያውቀውን ጭራ ካየ ያነባል፤ ካላወቀው ይተወዋል። ይሻው ደግሞ ለብዙ ፋይሎቹ የሰጣቸው ጭራ በዓለም ላይ ማንም ፕሮግራመር የማይሰጠውን ነው። አንዱ ፋይል ነጥብ ብሎ «ጉና» ይላል። ሌላው ነጥብ ብሎ «አንበሳሜ»። አምስት የቦታ ስሞች። ሠናይት ፋይሎቹን ሁልጊዜ ታያቸው ነበር፤ የልኬት መረጃ ይመስሏት ነበር እንጂ ኮድ ነው ብላ አስባ አታውቅም። አንዱን ከፈተችው። ኮድ ነው።

«ሦስት ሳምንት» አለች።

በማግስቱ የታጉን ማስተካከያ ፋይል ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች፦ በ«ጉና» የሚያልቅ ፋይል የዚህ ቋንቋ ኮድ ነው። እንደገና አስነሣችው። ቁጥሩ ይጨምራል ብላ ስትጠብቅ ወደ ዘጠና ሰባት ወረደ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ጠፍተው የጉናዎቹ ዘጠና ሰባት ብቻ ቀሩ። መሣሪያው የተበላሸ መሰላት። አውጥታ እንደገና ጫነችው። ያው ነው። ያንን ቀን ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም ግማሽ ቀን፣ መመሪያውን ስታነብ ዋለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ገጾቹ የማያልቁ መመሪያ ነው። ሰው ከበሽታ ሲነሣ እንደሚስቀው ዓይነት ሳቅ ከወዲያኛው ክፍል ሰማሁና ሄድኩ።

«የመደመር ምልክት» አለች። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ነው። «ከጭራው በፊት የመደመር ምልክት ካላደረግህ፣ ይሄንንም ጨምር ማለት ሳይሆን ሌላውን ሁሉ ተውና ይሄን ብቻ ያዝ ማለት ነው። አንዲት ምልክት።»

ምልክቷን ጨመረች፤ አምስት መቶ ዘጠኝ ሆነ። አራቱን የቀሩ የቦታ ስሞች አስከተለች፤ ሰባት መቶ ሁለት። አዲሱን ዝርዝር ስታነብ የጉና ፋይሎች ሁሉ «አዙር» የሚባል ነገር እንደሚጠሩ አየች። አዙር፤ የምትፈልገው እሱ ነው። ይጠሩታል፣ የተጻፈበት ቦታ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ ፋይሎች ጭራ የሚባል ነገር የላቸውም። ስማቸው ብቻ ነው። አብዛኞቹ ማስታወሻና የቆየ የልኬት ዝርዝር ናቸው። ሁሉንም እንደ ኮድ ይቁጠራቸው ብላ ብታዘው፣ ታጉ ከገበሬ ስም ዝርዝር ውስጥ ሳይቀር የሌለ ነገር እያወጣ ዝርዝሩን አጨቀየው። «አዙር»ም ተገኘ፤ ግን በሃያ ሦስት ፋይሎች ውስጥ። ሃያ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያነሣው የትኛውን እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። እየነካካች እንዳትሞክር፣ በዚያው ኮምፒውተር የሌሎች ቀበሌዎች ወረቀት በየቀኑ ይታተማል። አንዱን አጥፍታ ሌላ መቶ ሰው ልትገለብጥ ነው።

ግንቦት እያለቀ ነበር። «ሰውየውን ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። እስከ መንገዱ ማብቂያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ሽቅብ በእግር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሠናይት በየሃያ እርምጃው ታርፋለች። በቅሎ የያዘ ሰው «ልጫንሽ?» ቢላት እምቢ አለች፤ በቅሎ ስትወጣ ወገቧን እንደሚብስባት ነግራኛለች።

ይሻው ከእህቱ ጋር ነው የሚኖረው። ስንደርስ በረንዳው ላይ ጆንያ አንጥፎ የዘር ድንች ይለያል። አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እያንዳንዱን ድንች በጣቱ አዙሮ ዳስሶ፣ የበቀለውን ወደ ግራ፣ የበሰበሰውን ወደ ኋላ ይጥላል። ወደ እኛ ቀና አለ፤ ዓይኑ ግን በእኛ መካከል አለፈ።

«ማን ናችሁ?»

«እኔ ፋንታው ነኝ፣ አታሚው» አልኩ። ድምፄን አወቀ። «እንዴት ነህ አንተ! አብሮህ ያለውስ?»

«ሠናይት እባላለሁ፣ ጋሽ ይሻው። ከርስዎ በኋላ የገባሁት እኔ ነኝ። በርስዎ ኮድ ላይ ነው የምሠራው።»

ድንቹን አስቀመጠው። «ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ሦስት ዓመት» አለ። «አንድ ሰው ይመጣል፣ ይጠይቀኛል እያልኩ የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ ጠበቅሁ። ከዚያ ተውኩት።»

«መምጣት ነበረብኝ» አለች ሠናይት።

እህትየዋ ወንበር አወጣችልን፤ የተቀቀለ ድንችና አዋዜ አቀረበችልን። ሠናይት የመጣንበትን ነገረችው። ጭራዎቹን ስትጠቅስ ይሻው ሳቅ አለ።

«ስማቸውን ቀየርሽባቸው?»

«አልቀየርኩም። አንዱን ስቀይር ሌላው እንዳይፈርስ ፈራሁ። መሣሪያው እንዲያውቃቸው ነው ያደረግሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ቢቀየሩ ይፈርስ ነበር።» አለና ቀጠለ። «ታስቂያለሽ ይሆናል። ያኔ ዓይኔ መድከም ጀምሮ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ከሥራ እንዳልወጣ ብዬ። ከየቦታው የሚመጣው ዝርዝር አጻጻፉ ይለያያል። የጉና በኩል ቀያሾች ምዕራቡን አስቀድመው ነበር የሚጽፉ፣ የአንበሳሜዎቹ ምሥራቁን። ለየቦታው ለየብቻ ጻፍኩለት። ፋይሉን ከፍቼ ማንበብ ሲከብደኝ፣ ስሙን ብቻ አይቼ የየት አገር እንደሆነ እንዳውቅ ብዬ የአገሩን ስም ጭራው ላይ አደረግሁ። ለኔ መነጽር ነበር እንጂ ለሌላ ሰው ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።»

«አዙርስ?» አለች ሠናይት። «ጭራ የላትም። በሃያ ሦስት ፋይል ውስጥ ነው ያገኘኋት።»

«እሷ የሁሉም ናት። አገር ስለሌላት ጭራ አልሰጠኋትም። የቀሩት ቅጂዎች ናቸው፤ አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ የሁለት ወር ሥራ ጠፍቶብኝ ስለነበር፣ በየጊዜው እየገለበጥሁ አስቀምጥ ነበር። የምትሠራዋ ‘ወሰን’ የምትባለዋ ናት፣ ስሟ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ። ትንንሹን ፊደል አላይም ነበራ።»

ሠናይት ጻፈችው።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ይሻው። «በደንብ ትሠራ ነበር እኮ።»

«እርስዎ ከወጡ በኋላ የቀያሾቹ ቅጽ ተቀየረ። አሁን ከጉናም ምሥራቁ ቀድሞ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፤ እንደ ድሮው ይገለብጠዋል።»

«የተጎዳ ሰው አለ?»

«አንዲት ሴት። የድንጋይ በር ሴት ናቸው።»

ይሻው ከንፈሩን ነከሰ። «ድንጋይ በርን አውቀዋለሁ። ከቀያሾቹ ጋር ሄጄ አድሬያለሁ።»

«ጥፋቱ የርስዎ አይደለም፣ ጋሽ ይሻው። ሲጽፉት ትክክል ነበር።»

«ትክክል ነበር ማለቱ ለሴትዮዋ ምን ይጠቅማታል?» አለና ሌላ ድንች አነሣ። ያንን ድንች ከቀሩት ሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ ዳሰሰው። ስንነሣ እጇን ይዞ፣ «ሌላም ነገር ከጠፋሽ ነይ። ስልክ እዚህ አይሠራም፤ ነይ» አላት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሠናይት መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብረ ታቦር ደርሰን ስቀሰቅሳት የት እንዳለች ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት።

ሰኞ ጠዋት ማስተካከያው ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ታጉን በጭራ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ስምም ማዘዝ ይቻላል፤ «ወሰን» የምትባለውን ፋይል ኮድ ናት ብለህ ቁጠራት አለችው። ሰባት መቶ ሦስት። ዝርዝሩ ላይ «አዙር» አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ፣ ከነመስመሩ። ከፍታ አየችው። አሥራ አንድ መስመር ናት። ከጉና የመጣ ከሆነ ምሥራቅን ከምዕራብ ቀያይር ይላል። በአዲሱ ቅጽ ከተለካ አትቀያይር የሚል ጨመረችበት። ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ለመሞከር ግን አራት ቀን ወሰደች፤ የድሮዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ ከአዲሶቹ ጋር እያስተያየን።

የእማማ ፈንታነሽን ወረቀት አተምኩ። በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ምሥራቅ ወንዝ፣ ምዕራብ ጌጡ።

ደስ አለኝና ወረቀቱን ይዤላት ሄድኩ። እሷ ስክሪኑ ላይ ሌላ ዝርዝር አውጥታ ተቀምጣለች። «በአዲሱ ቅጽ ተለክተው በድሮው መንገድ የታተሙ» አለች። «ከእሳቸው ሌላ ስልሳ ሦስት ሰዎች አሉ።»

አቶ ሙላቴ ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡ። «ስልሳ ሦስት? ማንም አቤት አላለ እኮ። ዝም ብንልስ?»

«እሺ፣ ዝም እንበል» አለች ሠናይት። «ሲመጡ ግን እርስዎ ያነጋግሯቸው። እኔ ከእንግዲህ ከአራት ሰዓት መንገድ የመጣ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ደክሞኛል።»

አቶ ሙላቴ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ተሟግታቸው ቢሆን ኖሮ የሚሟገቱ ይመስለኛል። ግን አልተሟገተችም፤ ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ወረቀቶቹ ተሰብስበው እንዲተኩ ደብዳቤ ጽፈው ፈረሙበት።

ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን እኔና ሠናይት ወረቀቱን ይዘን ድንጋይ በር ወጣን። ኮሚቴው አጥር ጥግ ግንድ ላይ ተቀምጧል። እማማ ፈንታነሽ አንድ ወገን፣ ጌጡ ሌላ ወገን። ሠናይት ቆማ ስህተቱ ከየት እንደ መጣ ስለ ታጉና ስለ ጭራ ምንም ሳትል አስረዳች፦ ቅጹ ተቀይሯል፣ የእኛ ማተሚያ አላወቀም፣ ስህተቱ የኛ ነው፣ ይቅርታ።

ጌጡ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ነው። ተቆጥቶ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነበር። «እኔ ወረቀት ያለውን ነው የያዝኩ። አባቴ ያለኝን ትቼ ወረቀት ያለውን። አሁን ሌላ ወረቀት መጣ። ሦስተኛ ላለመምጣቱ ማን ነው የሚምልልኝ?»

ሠናይት መሬት መሬቱን አየች።

ጌጡ በቁራጯ ላይ ድንች ዘርቶባታል፤ ድንቹ ቅጠል አውጥቷል። የኮሚቴው ሽማግሌዎች ተነጋገሩና፣ የዘራውን ያንሣ፣ ከዚያ ቦታውን ይልቀቅ አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ። እማማ ፈንታነሽ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ጡታቸው ሥር አስገቡት። ሲሸኙን የሠናይትን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ወረቀቱስ መጣ። ዘንድሮ ግን አለፈኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ስልሳ ሦስቱን ማዳረስ ነበር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ግማሾቹን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው ያገኘናቸው። አንዳንዱ ስህተቱን ጭራሽ አላወቀም፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፎ ዓመት አሳልፏል። ሁለቱ ሞተዋል፤ ለልጆቻቸው ሰጠን። ሠናይት ሁሉንም ቤት ሄዳ አስፈረመች። አንድም ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም፤ አንድም ቀን ግን አልቀረችም።

ድርጅቱ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ተዘጋ። ሥራው ለሌሎች ተሰጠ፤ ፕሮግራሙም ከነፋይሎቹ በአንድ ሌላ አዲስ ተተካ። ይህን የነገሩን ደመወዛችንን ባስፈረሙን ቀን ነው። ሠናይት የመጨረሻውን ሳምንት ያሳለፈችው በእጇ አሥር ገጽ ማስታወሻ ስትጽፍ ነው፦ የትኛው ፋይል የምን እንደሆነ፣ ጭራው ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ፣ ማስተካከያው ላይ ምን እንደ ተጻፈ። «ማንም ላያነበው ይችላል» አልኳት። «ላያነበው ይችላል» አለችና መጻፏን ቀጠለች።

አሁን አንበሳሜ ነው የምትኖረው። እናቷ ታማባት ነው የሄደችው። ከገበያው ዳር አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ያላት ጠባብ ቤት ከፍታ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ለተማሪዎች ፎርም ትሞላለች። ባለፈው ጥር በዚያ ሳልፍ ገባሁ። ከውጭ የተሰለፉ ሦስት ገበሬዎች ነበሩ፤ አንዱ ስለ ውኃ ማመልከቻ ያጽፋል። ሠናይት የጻፈችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅዋን አሰምታ እያነበበችለት ነበር፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። እኔን ስታይ በእጇ ወንበር አመለከተችኝ፤ ማንበቧን ግን አላቋረጠችም።